ከሐይቁ እስከ ሕፃኑ ሳህን

(በዋጃ ለምእመናንና ለልማት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ ዓሣን ስለ ማጥመድና ስለ ማብሰል ነው። በዋጃ ቆሞ ስለ ዓሣ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሳይሆን አይቀርም። አገራችን የማሽላና የጤፍ፣ የከብትና የፍየል አገር ነው። ክረምት ሲገባ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን ወደ ማሳችን እንመልሳለን እንጂ መረብ ይዘን ወደ ውኃ አንወርድም።

ይሁን እንጂ ወደ ሰሜን አላማጣን አልፈን የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ መንገድ ብንወጣ፣ ከኮረም ቀጥሎ የሐሸንጌ ሐይቅ ይገኛል። ወደ ደቡብም ቆቦንና ወልዲያን አልፈን ብንሄድ፣ ደሴ ሳንደርስ የሐይቅ ከተማና ስሙን የሰጣት ሐይቅ አለ። እንግዲህ በሁለት ሐይቆች መካከል የተቀመጥን ሕዝብ ነን ማለት ነው። ከሁለቱም ዓሣ ይወጣል። ወደ ልጆቻችን ሳህን የሚደርሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ለምን ይሆን? እኔ እንዳየሁት ዓሣው በሦስት ቦታ ይጠፋል። አንደኛው በመረቡ፣ ሁለተኛው በመንገዱ፣ ሦስተኛው በማጀታችን ነው። ንግግሬም እነዚህን ሦስት ቦታዎች ተራ በተራ የሚመለከት ይሆናል። አስቀድሜ ግን ጉዳዩ ለምን እንደሚያሳስበን ጥቂት ልናገር።

ማሽላ የጎደለው

ማሽላ ጉልበት ይሰጣል፤ ሆድ ይሞላል። ነገር ግን ላይሲን የሚባለው ሰውነትን የሚገነባ ንጥረ ነገር በማሽላ ውስጥ በጣም አነስተኛ ነው። ሰውነታችን ላይሲንን ራሱ ሊሠራው ስለማይችል የግድ ከምግብ ማግኘት አለበት። ስለዚህ አንድ ሕፃን በየቀኑ የማሽላ ገንፎና እንጀራ ቢበላም፣ ከዚያ ጋር ሽሮ፣ ወተት፣ እንቁላል ወይም ዓሣ ካላገኘ ሆዱ ሞልቶ ዕድገቱ ይቀጭጫል። ዓሣ ደግሞ ማሽላ የጎደለውን ይህን ላይሲን በብዛት የያዘ ምግብ ነው። በገበያ ቆሮሶ ወይም ቀረሶ ከምንለው ዓሣ አንድ መቶ ግራም ሥጋ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይገኛል። ይህም ከሦስት እንቁላል የሚገኘውን ያህል ነው።

ስለ ረሀብ ስንናገር ኮረምን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በ1977 ዓ.ም. በጥቅምት ወር የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የኮረምን መጠለያ ለዓለም ያሳየበትን ዘመን ከመካከላችሁ የምታስታውሱ አላችሁ። ሐሸንጌ ከኮረም ሩቅ አይደለም። ዓሣ ቢጠመድ ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ ይድን ነበር አልልም፤ የዚያን ዓመት ረሀብ አንድ ሐይቅ የሚመልሰው አልነበረም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ልጅ የሚጎዳው በታላቁ ረሀብ ዓመት ብቻ አይደለም። ዝናብ ደኅና በጣለበት ዓመት፣ ጎተራ ውስጥ እህል እያለ፣ ማንም ሳያውቅለት ቀስ በቀስ የሚጎዳ ልጅ አለ። ዓሣ ሊረዳ የሚችለው ይህን ልጅ ነው።

በመረቡ የሚጠፋው ዓሣ

ቆሮሶ በሐይቅ ውስጥ ከጥንት የነበረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሌላ ውኃ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ዛሬ በሐሸንጌም ቆሮሶና ዱባ የሚባለው ካርፕ ይጠመዳሉ። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ያስገባውን ሰው ሊጨርሰው ይችላል።

የቆሮሶ አወላለድ ከብዙ ዓሦች የተለየ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው የሐይቅ ዳር አሸዋውን በአፉ እየጫረ ጎድጓዳ ጎጆ ያዘጋጃል። እናቲቱ እንቁላሏን ጥላ ወዲያው በአፏ ትሰበስበዋለች። በመቶዎች የሚቆጠሩት እንቁላሎች በአፏ ውስጥ ይፈለፈላሉ። ሁለት ሳምንት ለሚያህል ጊዜ ልጆቿን በአፏ ይዛ ስትኖር ምግብ እንደ ልቧ አትበላም። ከለቀቀቻቸውም በኋላ አደጋ ሲመጣ ተሯሩጠው እንደገና አፏ ውስጥ ይገባሉ። እንግዲህ በሐይቅ ዳር ዓይኑ የጠበበ መረብ የሚጎትት ሰው የሚያወጣው አንድ ዓሣ መስሎት ይሆናል። የሚያወጣው ግን ከነቤተሰቡ ነው።

መረብ የሚመረጠው በዓይኑ ስፋት ነው። ዓይኑ ሰፋ ያለ መረብ ትልቁን ይይዛል፤ ትንሹም አልፎ ሄዶ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሳይራባ አይያዝም። ቋሚ መረብ ማታ ተዘርግቶ ጠዋት ሳይረፍድ መነሣት አለበት። ብዙ ከቆየ ዓሣው እዚያው መረቡ ላይ ሞቶ ይበላሻል፤ ለሐይቁም ለሰውም ሳይጠቅም ይቀራል። በመንጠቆ የሚያጠምድ ሰው የመሬት ትል ወይም ሊጥ ቢጠቀም ይበቃዋል። ትንሽ ዓሣ ቢይዝ እጁን በውኃ አርሶ፣ መንጠቆውን ቀስ ብሎ አውጥቶ ሊመልሰው ይችላል።

በአንዳንድ ወንዞቻችን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ በመበተን ዓሣ የመያዝ ልማድ አለ። በብርብራ ፍሬ ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ። ይህ መርዝ ዓሣው ኦክስጅን እንዳይጠቀም ስለሚያደርገው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ነገር ግን ትልቁን ከትንሹ፣ የሚፈለገውን ከማይፈለገው አይለይም። በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድ የተከለከለውም ስለዚህ ነው።

በእርግጥ ሁሉም ውኃ አንድ ዓይነት ሕግ የለውም። ከእናንተ መካከል በቀድሞ ዘመን፣ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ሳትለይ፣ በምፅዋ ወይም በአሰብ የሠራችሁ አባቶች ትኖሩ ይሆናል። በቀይ ባሕር የኮራል ድንጋይ ሥር የሚኖረውን ግሩፐር የሚባለውን ወፍራም ዓሣ ታስታውሱት ይሆናል። ይህ ዓሣ ብዙ ዓመት ይኖራል። ከዘመዶቹም አብዛኞቹ ሲወለዱ ሴት ሆነው ሲገዝፉ ወደ ወንድነት ይለወጣሉ። በዚያ ባሕር አጥማጆች ሁልጊዜ ግዙፉን ብቻ ቢያወጡ ወንዶቹን ይጨርሳሉ። በእኛ ሐይቆች ደግሞ ትንሹን ብናወጣ ዘሩን እናጠፋለን። እንግዲህ ማጥመድ ማለት መያዝን ብቻ ማወቅ አይደለም፤ በዚያ ውኃ የትኛው መቅረት እንዳለበት ማወቅም ነው።

«እኛ አጥማጆች አይደለንም፤ ይህ ምን ያገባናል?» የሚል ሰው ይኖራል። ገዢዎች ነን። ገዢ የሌለው ትንሽ ዓሣ አይጠመድም። ስለዚህ በቤታችሁ አንድ ደንብ ብታወጡ መልካም ነው እላለሁ፤ ከስንዝር ያነሰ ቆሮሶ አትግዙ። ስንዝር ሁላችንም በእጃችን የምንይዘው መለኪያ ነው።

በመንገዱ የሚጠፋው ዓሣ

ሐሸንጌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ዋጃ 1,500 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጠዋት በደጋው ብርድ ደኅና የነበረ ዓሣ የግራ ካሕሱን ቁልቁለት ወርዶ ቆላው ውስጥ ሲገባ ሌላ ፀሐይ ያገኘዋል። በፌስታል ታስሮ መኪና ላይ የተጫነ እንደ ሆነ ደግሞ በራሱ ሙቀት ይታፈናል። ዋጃ ሲደርስ ይሸታል። የገዛው ሰውም «ዓሣ መጥፎ ምግብ ነው» ብሎ ሁለተኛ አይገዛም። መጥፎው ግን ጉዞው እንጂ ዓሣው አልነበረም።

ዓሣን የሚያበላሹት ጀርሞች በብዛት የሚገኙት በሆድ ዕቃው፣ በስንጥቡና በቆዳው ላይ ነው። ስንጥብ ማለት በራሱ ጎን ያለው ቀዩ መተንፈሻው ነው። ስለዚህ ዓሣው እንደ ተያዘ እዚያው ሐይቁ ዳር ሆዱ ተቀዶ ሆድ ዕቃውና ስንጥቡ ይውጣ፤ በንጹሕ ውኃም ይታጠብ። ሆድ ዕቃው ተመልሶ ሐይቁ ውስጥ አይጣል፤ ይቀበር። በረዶ ከተገኘ ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነው። በረዶ ከሌለ በቅርጫት ተደርድሮ፣ በንጹሕ ውኃ የራሰ ጆንያ ከላይ ተደርጎበት፣ አየር እያገኘ በጥላ ይምጣ። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ጉዞውም ፀሐይ ሳትበረታ ይሁን።

ከገበያ የሚገዛ ሰውም አራት ነገር ይመልከት። የዓሣው ዓይን የጠራና ያልሰረጎደ መሆን አለበት። ስንጥቡ ሳይወጣ ከመጣ ቀይ እንጂ ቡናማ መሆን የለበትም። ሥጋው በጣት ሲጫኑት ይመለሳል እንጂ ጎድጉዶ አይቀርም። ሽታውም የውኃ ሽታ እንጂ የሚከረፋ መሆን የለበትም። ከአራቱ ሁለቱ ከጎደሉ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ሌላው መንገድ ማድረቅ ነው። ከጣና የሚወጣ ዓሣ ደርቆ በመተማ በኩል እስከ ሱዳን ይሸጣል። ቋንጣ የምናውቅ ሕዝብ ስለሆንን ነገሩ አያስቸግረንም። ዓሣው በጀርባው በኩል ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይከፈታል። ለሦስት ኪሎ የተጠረገ ዓሣ አንድ ኪሎ ያህል ጨው ይታሻል። በንጹሕ ዕቃ ውስጥ ያድርና የወጣው ውኃ ይደፋል። ከዚያም ዝንብ በማያሳልፍ ስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ነፋስ በሚያገኝበት ስፍራ ይሰቀላል። ዓሣውን በመንገድ የሚያበላሸው የቆላ ፀሐይ እዚህ ላይ ይረዳናል። ለመብላት ሲፈለግ በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ሁለት ሦስት ጊዜ ተለውጦ ጨው ይወጣለታል። ጨው ያልወጣለት ዓሣ ለሕፃን አይሰጥም።

በማጀት የሚጠፋው ዓሣ

ከአንድ ኪሎ ቆሮሶ የሚገኘው ንጹሕ ሥጋ ከሲሶው ብዙም አይበልጥም። የቀረው ጭንቅላት፣ አጥንትና ቆዳ ነው። ሥጋውን ብቻ ገፈን የቀረውን ለድመት የምንጥል ከሆነ ከከፈልነው ገንዘብ የበዛውን ጣልነው ማለት ነው።

ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ቅርፊቱን በቢላዋ ጀርባ ከጭራው ወደ ራሱ መፋቅ ነው። ሆዱ ሲቀደድ ሐሞቱ እንዳይፈስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከፈሰሰ ሥጋውን ያመርረዋል። ከታጠበ በኋላ ጨውና ሎሚ ይነካው። ሥጋው ከተገፈፈ በኋላ ጭንቅላቱና አጥንቱ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይቀቀልና በወንፊት ይጠለል። ይህ ሾርባ ለታመመ፣ ለአራስና ለሽማግሌ መልካም ነው። ገንፎም ሲገነፋ በተራ ውኃ ፈንታ ሊገባ ይችላል።

ወጥ ሲሠራ ቁሌቱ አስቀድሞ በደንብ ይብሰል። ቀይ ሽንኩርቱ ይቁላላ፣ በርበሬው ዘይቱን ይጠጣ፤ ዓሣው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። የዓሣ ሥጋ እንደ በሬ ሥጋ ረጅም ጊዜ አይፈልግም፤ ተቆራርጦ ከገባ አሥር ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከገባም በኋላ በማማሰያ አይማሰል፤ ይፈራርሳል። ድስቱን በሁለት እጅ ይዞ ወዝወዝ ማድረግ ነው። ለጥብስ ደግሞ ሙሉው ቆሮሶ በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ቦታ በቢላዋ ይተልተል፤ ሙቀቱ እስከ አጥንቱ እንዲገባ። ዘይት የማይገኝ ከሆነ የምፅዋ ሰዎች የሚያደርጉትን እናድርግ። እነርሱ ዓሣውን በጀርባው ከፍተው፣ በርበሬ ቀብተው፣ በጋለ የሸክላ ምድጃ ይጋግሩታል። ተከፍቶ ስለሚሳሳ እኩል ይበስላል። ይህንኑ በከሰል ፍም ላይ ልናደርገው እንችላለን። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ጌታ ለደከሙት ደቀ መዛሙርቱ ያዘጋጀው ቁርስም በፍም ላይ የተጠበሰ ዓሣ እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ።

የበሰለ ዓሣ ምልክቱ ግልጽ ነው። ሥጋው መስታወት መምሰሉን ትቶ ነጭ ይሆናል፤ ከአጥንቱም በቀላሉ ይላቀቃል። በሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበሉ ሰዎች አሉ። እኛ ግን ይህን ልማድ ወደ ቤታችን አናምጣ። በሐይቆቻችን ዓሦች ላይ ጥገኛ ትሎች ይገኛሉ፤ ትሎቹን የሚገድላቸው ሙቀት እንጂ በርበሬ ወይም ሎሚ አይደለም።

በቅርቡ በአንድ ቤት ያነጋገርኋቸው እናት፣ «ልጄ፣ ዓሣ ጥሩ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ግን አጥንቱ ሕፃኑን ቢያንቀውስ?» አሉኝ።

«እማማ፣ ፍርሃትዎ ትክክል ነው» አልኋቸው። «ለሕፃኑ ከጀርባው በኩል ያለውን ወፍራም ሥጋ ይስጡት፤ የጎድን አጥንት ያለበትን የሆዱን በኩል ለትልልቆቹ ይተዉት።»

እርሳቸውም ጥቂት አስበው፣ «እንግዲያስ በርበሬ ሳይገባበት ቀድሜ ላወጣለት ነው» አሉ። እኔ ልነግራቸው ያሰብሁትን ራሳቸው ደረሱበት።

እውነትም አሠራሩ ይኸው ነው። ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ከእናት ጡት በተጨማሪ ዓሣ ሊሰጠው ይችላል። በርበሬ ከመግባቱ በፊት የጀርባው ሥጋ ለብቻው ይቀቀል። እናቲቱ እጇን ታጥባ ሥጋውን በጣቶቿ መካከል ሁለት ጊዜ ትዳስሰው፤ አንድ ጊዜ ስትፈለፍል፣ ሁለተኛ ስታደቅቅ። ዓይን ያላየውን አጥንት ጣት ያገኘዋል። ከዚያም በማሽላ ገንፎ ውስጥ ይቀላቀል።

በማጀት ከምግብ ሌላ የሃይማኖትም ጥያቄ አለ። በዓሣና በጾም ጉዳይ በኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ዘንድ አስተያየቱ ይለያያል፤ የሚበሉ አሉ፣ የማይበሉም አሉ። ቅርፊት የሌለውን አምባዛ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ምክንያት የማይነኩም ብዙዎች ናቸው። የልማት ሠራተኛ ሥራው በዚህ ላይ መከራከር አይደለም። አምባዛ አልበላም ለሚል ሰው ክንፍም ቅርፊትም ያለውን ቆሮሶ ማሳየት ይበቃል። ደግሞም አንድ ትልቅ ነገር አለ። በአገራችን ክርስቲያንና እስላም በቡና ይጠራራል፣ በሐዘንም በደስታም አብሮ ይቀመጣል፤ ሥጋ ሲቀርብ ግን ማን አረደው በሚለው ይለያያል። ዓሣ ቢላዋ ተባርኮ የሚታረድ እንስሳ አይደለም፤ በእስልምና ሕግም ዓሣ መታረድ አያስፈልገውም። እንግዲህ ዓሣ ሁለቱም ወገኖች ከአንድ ሳህን ሊበሉት የሚችሉት ሥጋ ነው። በዋጃ ላለን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ኩሬ

ከሠራተኞቻችን አንዳንዶቹ «በዋጃ ኩሬ ቆፍረን ዓሣ ብናረባስ?» ብለው ይጠይቃሉ። የአገራችን ሙቀት ለቆሮሶ ከደጋው ይልቅ ይስማማዋል። ሆኖም ኩሬ ጎርፍ ሲመጣ ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ውኃ ይፈልጋል። የጉድጓድ ውኃ ባለበት ስፍራ፣ ከኩሬው የሚወጣው ውኃ ወደ አትክልቱ የሚሄድ ከሆነ ሊታሰብ ይችላል። ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ገና ሳያድግ ስለሚራባ ቶሎ ይጨናነቃል፤ ካልተቆጣጠሩት ብዙ ዓሣ ይኖራል፣ ሁሉም ግን ጣት የሚያህል ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በቤቱ ዓሣ አብስሎ የማያውቅ ሰው ኩሬ ተግቶ አይጠብቅም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከማጀቱ ይጀምር እላለሁ።

ምን እናድርግ?

ንግግሬን በሦስት ተግባሮች ልፈጽም። እናቶች የምትሰበሰቡበት ቀን አንድ ዓሣ ተገዝቶ ከቅርፊቱ እስከ ሾርባው በሁሉ ፊት ይሠራ፤ ከሚሰማ ይልቅ የሚታይ ይታወሳል። ዓሣ ከሐሸንጌ የሚያመጡ ወጣቶች ቅርጫትና ጆንያ ይዘው ይሂዱ፤ ሆዱ ያልወጣ ዓሣ መኪና ላይ አይጫኑ። የፕሮጀክት ሠራተኞችም ምን ያህል እንደ መጣ፣ ምን ያህሉ ከስንዝር እንዳነሰ፣ ምን ያህሉ ተበላሽቶ እንደ ተጣለ በደብተር ጻፉ። በዚያው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ ደቀ መዛሙርቱ ያወጡት ዓሣ 153 እንደ ነበረ ተጽፎልናል። ያን ሌሊት ሲደክሙ ያደሩ ሰዎች ለመቁጠር ጊዜ አላጡም። ሦስት ወር ቆጥረን ብንገናኝ ዓሣው የሚጠፋው ከሦስቱ ቦታዎች በየትኛው ይበልጥ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ቀጥሎ የት መሥራት እንዳለብንም ያን ጊዜ ግልጽ ይሆንልናል።